ዛንዚባር ከልጆች ጋር፦ ሪዞርት፣ ቪላ ወይስ ገስት ሀውስ?

ከጅማ ተነስቶ በቤተሰብ ወደ ታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ለመሄድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቶ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ዘንበል ያለ የኮኮናት ዛፍ። ይህ ፎቶ የሌለው ሆቴል ደሴቷ ላይ የለም፤ ስለዚህ ለመምረጥ አይረዳም። ቀጥሎ የሚታየው ዋጋና ኮከብ ነው። ልጅ ለያዘ ሰው ግን እሱም የሚቀድም ነገር አይደለም።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ የባሕሩን ዳርቻ ምረጡ። ከዚያ የማረፊያውን ዓይነት። ሆቴሉን በስም መምረጥ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ክፍል ካልተስማማችሁ ሬሴፕሽን ሄዳችሁ ትቀይራላችሁ። የማይሆን ዳርቻ ላይ ካረፋችሁ ግን ባሕሩን የሚቀይርላችሁ የለም።

መጀመሪያ ባሕሩ

የእኛ ልጆች የሚያውቁት ውሃ እዚሁ ጅማ ቦዬ ዳር ቆመው ያዩት ነው፤ ዕድል ካገኙ ደግሞ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ። ሐይቅ ጠዋትም ማታም ባለበት ነው። ውቅያኖስ እንደዚያ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ባሉት ቀናት ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ ዛንዚባር ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል እስከ 4 ሜትር ገደማ ከፍታ ሊኖር ይችላል።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? የደሴቷ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ማለትም ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ብዌጁ፣ ማቴምዌ፣ ኪዌንግዋ፣ በጣም ዝቅ ያለና ሜዳ የሆነ ነው። ውሃው ሲሸሽ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ርቆ ይሄዳል። ጎረቤቶቻችን የሆኑ አንድ ቤተሰብ ፓጄ አርፈው ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት ልጆቹ የዋና ልብሳቸውን ለብሰው ሲወጡ ባሕሩ የለም። የቀረው እርጥብ አሸዋና የባሕር ሣር ነበር። ትንሹ ልጅ «ማን ወሰደው?» ብሎ እንደጠየቀ እናቱ እስከ ዛሬ ታወራለች። ሆቴሉ ጥሩ ነበር፣ ምግቡም ጥሩ ነበር። ስለ ውሃው የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ የተለዩ ናቸው። እዚያ ውሃው ሲጎድል ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል። ትንንሽ ልጆች ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ለሚያዩ ሰዎች የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ አካባቢ ነው። በተለይ ኬንድዋ አሸዋው ንጹሕ፣ ውሃው ረጋ ያለ ነው።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሰሜኑ ሰው የሚበዛበት ነው። ኑንግዊ ዳርቻ ላይ ጀልባ፣ ጌጣጌጥና ጉዞ የሚሸጡ ወጣቶች በየደቂቃው ይቀርቧችኋል። ክፉ አይደሉም፤ በትህትና «ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛ፣ ኬንድዋ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ሌሊት በሚደረግ የባሕር ዳርቻ ጭፈራ ይታወቃል። ሕፃን ይዛችሁ በዚያ ሌሊት ከሙዚቃው አጠገብ ማደር አትፈልጉም። ቀኑን ከሆቴሉ ጠይቃችሁ ሽሹት፣ ወይም ራቅ ያለ ሆቴል ያዙ።

ታዲያ ምሥራቁ ለልጆች አይሆንም ማለት ነው? አይደለም። ዕድሜያቸው ከስምንት ዓመት በላይ ለሆኑና ነገር ማየት ለሚወዱ ልጆች ውሃው የሸሸበት ሰዓት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። በየጉድጓዱ የቀሩ ትንንሽ ዓሦች፣ ሸርጣኖች፣ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው የባሕር እንስሳት ይታያሉ። ጃምቢያኒና ፓጄ ላይ የመንደሩ ሴቶች የባሕር ሣር ተክለው ሲሰበስቡ ታያላችሁ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደርበት ሥራ ነው። ይህን የሚወድ ልጅ ካላችሁ ምሥራቁን ምረጡ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ መዋኛ ገንዳ ያለው ማረፊያ ይሁን። ባሕሩ በሌለበት ሰዓት ልጆቹ የሚሄዱበት ያስፈልጋቸዋል።

ውሃው በጎደለበት ሰዓት በባዶ እግር መሄድ ግን ክልክል ይሁን። ረጅም ጥቁር እሾህ ያላቸው የባሕር ፍጥረታት በድንጋዩ መሃል አሉ። ከረገጧቸው እሾሁ እግር ውስጥ ይሰበራል፤ ሕመሙም ከባድ ነው። ውድ የውሃ ጫማ መግዛት ግን አያስፈልግም። ገበያ የሚሸጠው የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ያዙ።

ሆቴሉን ስትጽፉለት የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ይሁን፦ «እኛ በምንመጣባቸው ቀናት ውሃው የሚሞላው በስንት ሰዓት ነው? ሲጎድልስ ልጆች መዋኘት ይችላሉ?» የባሕሩ የሙላት ሰሌዳ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ኢንተርኔት ላይም ይገኛል። ጥያቄውን በግልጽ የሚመልስ ሆቴል እንግዳውን የሚያከብር ነው። «ባሕራችን በጣም ቆንጆ ነው» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ወሩና ነፋሱ

እዚህ ላይ ጅማዎች ዕድለኞች ነን። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ጅማ በዝናብ ስትርስ፣ ዛንዚባር ደረቅና ከሌላው ጊዜ ቀዝቀዝ ያለች ናት። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ፈረንጆቹም ለዕረፍት የሚመጡት ያኔ ነው። ክፍሉን ከወራት በፊት መያዝ ይሻላል።

በእነዚህ ወራት ኩሲ የሚሉት ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ አለ። ፓጄ በነፋስ ኃይል በውሃ ላይ በሚንሸራተቱ ስፖርተኞች የምትሞላውም ለዚህ ነው። ለስፖርተኛው ደስ ይላል፤ አሸዋ ላይ ቤት ለሚሠራ የሦስት ዓመት ልጅ ግን አሸዋው ዓይን ውስጥ ይገባል። ሰሜን ምዕራቡ፣ ማለትም ኬንድዋ አካባቢ፣ ከዚህ ነፋስ የተከለለ ነው። ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ለሚሄድ ቤተሰብ ሰሜኑ በሁለት በኩል ያሸንፋል።

ለፋሲካ መሄድ የሚፈልጉ ሰዎች ይጠይቁኛል። እኔ አልመክርም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ነው። ዋጋው ይወርዳል፤ ግን አንዳንድ ሆቴሎች ጨርሰው ይዘጋሉ፤ ልጆችም ክፍል ውስጥ ይታፈናሉ። ከገና እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ሞቃት ነው፤ ለአንድ ሳምንት የትምህርት ዕረፍት የሚያገኝ ቤተሰብ ሊያስብበት ይችላል።

አራቱ የማረፊያ ዓይነቶች

ሁሉንም የሚያጠቃልለው ሪዞርት፣ ኦል ኢንክሉሲቭ የሚሉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትንንሽ ልጆች ጋር ለሚሄድ ቤተሰብ በጣም ቀላሉ ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ መጠጥ በአንድ ዋጋ ውስጥ ነው። ልጅ በየሰዓቱ «ራበኝ» ሲል ቦርሳ መክፈት የለም። የልጆች ገንዳ፣ መጫወቻ፣ አንዳንዴም ልጆችን የሚያጫውት ሠራተኛ ይኖራል። ጉዳቱ ዋጋው ነው። ከሪዞርቱ ወጥቶ የመንደሩን ኑሮ ማየትም ይቀራል፤ ከፍላችሁበታልና ውጭ መብላት ያሳሳል። ከመክፈላችሁ በፊት «ሁሉም» ሲባል ምን ምን እንደሆነ ጠይቁ። ለስላሳና አይስክሬም ተለይቶ የሚታሰብበት ቦታ አለ።

ባሕሩ ዳር ያለ ትንሽ ሆቴል፣ ማለትም አሥር ሃያ ክፍል ያለው ዓይነት፣ የእኔ ልብ የሚያዘነብልበት ነው። ባለቤቶቹ ልጆቹን በስማቸው ይጠሯቸዋል። ወጥ ቤቱ ለሕፃን ሩዝ ለስልሶ እንዲሠራ ብትጠይቁ ይሠራል። ግን ብዙዎቹ ገንዳ የላቸውም፣ ያላቸውም አጥር የለውም። ክፍሎቹ የተሠሩት ለሁለት ሰው ነው። አራት ሆናችሁ ብትሄዱ ተጨማሪ አልጋ ይገባል ይሏችኋል፤ ሲገባ መራመጃ አይተርፍም። የክፍሉን ስፋት በካሬ ሜትር ጠይቁ።

ቪላ ወይም ሙሉ ቤት መከራየት የእኛን ዓይነት ቤተሰብ በደንብ ይስማማዋል። እኛ ስንሄድ ሁለት ወላጅና ሁለት ልጅ ብቻ አይደለንም። አያት አለች፣ የእህት ልጅ አለ፣ አንዳንዴ ልጁን የምትይዝ ልጅ አብራ ትሄዳለች። ብዙ ሆቴል በአንድ ክፍል ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ ብቻ ይፈቅዳል፤ ሰባት ሰው ቢያንስ ሁለት ክፍል ይሆናል። ቪላ ግን የሚከፈለው ለቤቱ ነው። ሳሎን አለ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ አዋቂው ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣበት። ደግሞ ወጥ ቤት አለ።

ወጥ ቤቱ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ፍልሰታ የሚውለው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ልክ በዕረፍቱ መሃል። ለጾመኛ አያት የራሷ ምድጃ ከማንኛውም ቡፌ ይበልጣል። ሽሮና በርበሬ ከቤት ይያዛል፣ የጅማ ቡናም እንዲሁ። አትክልትና ቅመም በደሴቷ አሮጌ ከተማ በስቶን ታውን ካለው ከዳራጃኒ ገበያ ይገዛል፤ ለሚበላ ደግሞ ጠዋት ጀልባዎች ከሚመለሱበት የመንደር ዳርቻ ትኩስ ዓሣ ይገኛል። ሆቴል ለሚያርፉም ቢሆን ጾም አያስጨንቅም። በኮኮናት ወተት የሚሠራ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ቻፓቲና አትክልት የደሴቷ የዘወትር ምግብ ነው። ሥጋ የሚበሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ሐላል ፍለጋ አይንከራተቱም፤ ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ሳምቡሳውን ልጆቻችሁ ከሩቅ ያውቁታል።

የቪላው ጉዳት ኃላፊነቱ የእናንተ መሆኑ ነው። ገንዳው በር ላይ ነው፤ የሚጠብቅ የለም። ውሃ ቢጠፋ የሚደወልለት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ስልክ ላያነሳ ይችላል። ዘበኛ ሌሊቱን አለ ወይ? ጽዳትና ምግብ ማብሰያ ሠራተኛ በዋጋው ውስጥ ነው ወይ? ከባሕሩ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? እነዚህ ሳይመለሱ አትክፈሉ።

ገስት ሀውስ በስቶን ታውን ውስጥ ርካሹ ነው። ከተማዋ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ጠባብ መንገዶቿ ሐረር ጀጎልን ያስታውሳሉ። ግን እዚያ የሚዋኝበት ጥሩ ዳርቻ የለም፣ ደረጃውም ቀጥ ያለና ለሕፃን አስቸጋሪ ነው። እንደ ዋና ማረፊያ አልመርጠውም። ለአንድ ሁለት ሌሊት ግን ይጠቅማል፦ ማታ ፎሮዳኒ የአትክልት ቦታ ላይ ከሚሸጠው ምግብ ለመቅመስ፣ በጀልባ ቻንጉ ደሴት ሄዶ ግዙፎቹን ኤሊዎች ለማየት። ጆዛኒ ጫካ ያለው ቀይ ጉሬዛም በዓለም ላይ የሚገኘው ዛንዚባር ብቻ ነው። ጉሬዛን በጥቁርና ነጭ ፀጉሩ የሚያውቅ የጅማ ልጅ ሲያየው ይገረማል።

ሌሎቹን የታንዛኒያ ደሴቶች፣ ፔምባንና ማፍያን፣ የሚያነሱም አሉ። ለጠላቂዎች ግሩም ናቸው፤ ከሕፃን ጋር ግን ሌላ ጊዜ።

ክፍሉ ውስጥ

ከጅማ ቀዝቃዛ ሌሊት ተነስቶ ባሕር ወለል ላይ መተኛት ቀላል አይደለም። ወበቁ ልጅን ያስለቅሳል። ስለዚህ ኤሲ ያለው ክፍል ያዙ፤ ማራገቢያ ብቻ ከሆነ ሕፃን ላለው አይበቃም። መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተሩ ኤሲውን ጭምር ያንቀሳቅስ እንደሆነ ጠይቁ። መጸዳጃና መግቢያ ላይ ብቻ መብራት የሚሰጥ ጄኔሬተር አለ።

አጎበር በየአልጋው መኖሩን አረጋግጡ፤ ለልጁ አልጋም ጭምር። ዛንዚባር ወባን በጣም ቀንሳለች፤ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ጅማ ላይ አጎበር የምናውቀው ነገር ነው፤ ዕረፍት ላይ ስለሆንን አንርሳው። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ። የቧንቧ ውሃ አይጠጣም፤ ጥርስ ለመቦረሽም ቢሆን ለልጆች የታሸገ ይሁን። ሶኬቱ ሦስት ወፍራም ቀዳዳ ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ የእኛ ቻርጀር አይገባበትም፤ አዳፕተር ያዙ።

አሁን ስለ ገንዳ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው። ልጆቻችን አብዛኞቹ ዋና አያውቁም። ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ ልጅ እንደ ፊልም አይጮህም፤ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው፣ በደቂቃዎች ውስጥ። አጥር የሌለው ገንዳ ፊት ለፊት በሩ የሚከፈት የመሬት ክፍል፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልጅ ወላጅ ከማንኛውም ነገር በላይ አደገኛ ነው። ፎቶው ላይ በጣም ያምራል፤ ለዚያም ውድ ነው። እናንተ ሁለተኛ ፎቅ ጠይቁ፣ ወይም ከገንዳው ራቅ ያለ ክፍል። ሁለተኛ ፎቅ ከሆነ የበረንዳው ብረት ልጅ የሚያሾልክ እንዳይሆን ፎቶ ይላኩላችሁ። ሁልጊዜ ደግሞ አንድ አዋቂ ስልኩን አስቀምጦ ውሃውን ብቻ ይይ፤ በየተራ።

አለባበስም ይታሰብ። ሸፈን ያለ የዋና ልብስ ለብሰው የሚገቡ እናቶችና ሴት ልጆች ካሉ፣ ገንዳው ይህን ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚከለክል ሆቴል አለ። ከዳርቻ ወጥቶ መንደር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሁሉም ትከሻና ጉልበቱን ሸፍኖ ይሂድ። በረመዳን ከሄዳችሁ ከሆቴል ውጭ ያሉ ምግብ ቤቶች ቀን ይዘጋሉ፤ ልጆች የሚበሉት ከማረፊያችሁ መውጣት አለበት። ያኔ ሪዞርት ወይም ቪላ ይሻላል።

ዋጋውን ማንበብ

ሁለት ሆቴል «50 ዶላር» ቢሉ አንድ ላይሆን ይችላል። አንዱ ለክፍሉ ነው፣ ሌላው ለአንድ ሰው። አራት ሰው ከሆናችሁ አንዱ 50 ሌላው 200 ሊሆን ነው። የልጅ ዋጋም እንደዚሁ ነው፤ ነፃ የሚሆንበት ዕድሜ በየሆቴሉ ይለያያል። የልጆቻችሁን ዕድሜ በጉዞው ቀን እንደሚሆነው ጽፋችሁ «ለሁላችን አጠቃላይ ስንት?» በሉ። በየሰው በየሌሊቱ ቦታው ላይ የሚከፈል የመንግሥት ክፍያ ካለም ይጨመር። ከአየር ማረፊያ መውሰጃ መኪናውንም አስቡ፤ ኑንግዊ ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ ነው፤ ለሕፃን ወንበር ካስፈለገ ቀድሞ መታዘዝ አለበት።

ስለ ሰዓት ግራ አትጋቡ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። ሆቴሉ በጽሑፍ 14:00 ካለ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከሾፌር ጋር ስትነጋገሩ የትኛውን እንደሚል አጣሩ።

ከኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ የደሴቷን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ሆኗል፤ ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር ነው የተጣለው። ይህን በበጀታችሁ አስገቡ። የላስቲክ ከረጢት ታንዛኒያ ውስጥ የተከለከለ ነው፤ የልጆቹን ልብስ በፌስታል ጠቅልላችሁ ሻንጣ አታስገቡ።

ማረፊያውን ስትይዙ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻልበትን አማራጭ ውሰዱ፤ ትንሽ ቢወደድም። ቪዛ ሊዘገይ ይችላል፣ ልጅ ሊታመም ይችላል። የመሰረዣው የመጨረሻ ቀን የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ወደ እኛ ቀይራችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ።

ደግሞ ቢጫ ካርድ። ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ ከሚመጣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ዕድሜው አንድ ዓመት የሞላው ልጅም ጭምር። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ይሆናል። ስለዚህ ክትባቱን ለመጨረሻው ሳምንት አታስቀሩ። የት እንደሚሰጥ ጅማ ካለው ጤና ተቋማችሁ ጠይቃችሁ፣ ሆቴሉን በያዛችሁበት ሳምንት ጨርሱት።